ጠብ ሳይነሣ የሚሠራ ሥራ
የጥናት ትምህርት ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች

ለንባብ፦ ማቴዎስ 5፥43-48፤ ሮሜ 12፥17-21

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው በሰሜን ናይጄሪያ የምትገኘውን የካዱናን ከተማ ነው። በካዱና ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በብዛት ይኖራል። በ1992 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛንጎን ካታፍ በምትባል ከተማ ጠብ ተነሥቶ ወደ ካዱና ተዛመተ፤ ብዙ ሰውም አለቀ። የጠቡ መነሻ የሃይማኖት ክርክር አልነበረም። ገበያው ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር በመባሉ ነበር። የሃይማኖት ስም የወጣቶቹ መቀስቀሻ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያ ወራት ፓስተር ጄምስ ዉዬ የታጠቁ ክርስቲያን ወጣቶችን ይመሩ ነበር፤ በግጭቱም ቀኝ እጃቸውን አጡ። በሌላው ወገን የተሰለፉት ኢማም ሙሐመድ አሻፋ ደግሞ ሁለት የአጎት ልጆቻቸውና የሃይማኖት መምህራቸው ተገደሉባቸው። ሁለቱም ለበቀል ቀን ይጠብቁ ነበር።

በ1995 የተገናኙት በእርቅ ጉባኤ አይደለም፤ ስለ ክትባት በተጠራ ስብሰባ ላይ አንድ የሚያውቃቸው ጋዜጠኛ አስተዋወቃቸው። በጤናና በርዳታ ሥራ የተሰማራን ሁላችን ይህን ልብ ልንል ይገባናል። የተጣሉ ሰዎች መጀመሪያ በሰላም የሚተያዩበት ቦታ ክሊኒክ ወይም የውኃ ቦኖ ሊሆን ይችላል።

ወዳጅነታቸው በአንድ ቀን አልመጣም። አሻፋ በመስጊድ ስለ ይቅርታ የሰሙት ስብከት ልባቸውን ነካው፤ ዉዬንም አንድ የወንጌል አገልጋይ፣ ጥላቻ ይዞ ክርስቶስን መስበክ እንደማይቻል ገሠጻቸው። የዉዬ እናት በታመሙ ጊዜ አሻፋ ሊጠይቋቸው ሄዱ። ይሁንና ዉዬ በኋላ እንደ ተናገሩት፣ ለሥራ ወጥተው ከአሻፋ ጋር በአንድ ክፍል ባደሩ ጊዜ በትራስ አፍነው ሊገድሏቸው ተፈትነው ነበር። ይህን በአደባባይ መናገራቸውን እኛ ከብዙ ንግግር አብልጠን እናከብረዋለን።

አንዳንድ ወገኖች፣ እንዲህ ያለው ኅብረት እምነትን መቀላቀል አይሆንምን? ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ዉዬ ፓስተር፣ አሻፋም ኢማም እንደ ሆኑ ነው አብረው የሠሩት። የሽምግልና ማዕከል አቋቁመው ቀድሞ ለጠብ የተሰለፉትን ወጣቶች ለእርቅ አሠለጠኑ።

ሥራው ድል ብቻ አልነበረም። በ2000 ስለ ሸሪዓ ሕግ በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ሰው ሞተ፤ ከዚያም በኋላ ብዙዎች ሰፈር ለቀው ሙስሊሙ ከወንዙ ሰሜን፣ ክርስቲያኑ ከደቡብ እየሆነ ሄደ። በነሐሴ 2002 ሃያ ሁለት የሃይማኖት መሪዎች የካዱናን የሰላም ቃል ኪዳን ፈረሙ። በኅዳር ግን በአንድ ጋዜጣ ጽሑፍ የተነሣ ሁከት ተነሥቶ ከ200 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ፊርማ ብቻውን ሰፈርን አይጠብቅም። በወንዝ ተለያይቶ የሚኖር ሰው ክፉ ወሬ ሲሰማ፣ እውነት ነውን? ብሎ የሚጠይቀው ሰው በማዶ የለውም። ወጣቱን ለጥፋት የሚመለምለው አክራሪም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሥራ የፈታ፣ የተከፋ፣ ከሌላው ወገን አንድም ሰው የማያውቅ ልጅ።

በሀገራችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ዕድር ድንኳን ሥር ሐዘንተኛ የሚያጽናናበት ሰፈር ብዙ ነው። ይህ ሀብት በእጃችን ሳለ ችላ ልንለው አይገባም። ለፕሮጀክት ሠራተኞች ደግሞ አንድ ነገር እናሳስባለን፤ የርዳታ ተቀባዮች ስም ዝርዝር ከሁለቱም ወገን በተመረጡ ሽማግሌዎች ፊት ይዘጋጅ፤ በአደባባይም ይነበብ። በስውር የተሠራ ዝርዝር፣ ንጹሕ እንኳ ቢሆን፣ ሐሜት ይወልዳል።

ለመወያያ፦ ነገ በሰፈራችን ክፉ ወሬ ቢነሣ፣ ከመስጊዱ በኩል ማንን በስሙ ጠርተን እንጠይቃለን? እርሱስ ከእኛ ማንን ያውቃል? ከጉባኤያችን ወጣቶች መካከል ሥራ የፈቱት እነማን ናቸው? በዚህ ወር ማን ጠይቋቸዋል?