ከገራባ ከሰል፣ በአንድ በርሜል

ጫት በሚቸረቸርበት ሰፈር ሁሉ ገራባ ሞልቷል። ሐረርም፣ ድሬዳዋም፣ አዲስ አበባም ደረቅ ቆሻሻ የሚሰበስቡ የማኅበር ልጆች በጋሪ እየጫኑ ወደ ገንዳ ያጓጉዙታል። ይሁንና ገራባ እንጨት ነው፤ ደርቆ፣ ከስሎ፣ ተፈጭቶና ተጠፍጥፎ ለምድጃ የሚሆን ከሰል ይወጣዋል። የቡና ገለፈትና የበቆሎ ቆረቆንዳም እንዲሁ። በጋው ሲገባ ጀምሩት፤ ክረምት ላይ ማድረቂያ ፀሐይ አታገኙም።

መጀመሪያ ለቀማ ነው። ፌስታሉን አንድ ሳታስቀሩ አውጡ፤ ላስቲክ ሲቃጠል ጭሱ መርዝ ነው። ጫቱ የተጠቀለለበትን ኮባም ለዩት፣ ውሃ አዝሎ እሳቱን ያዳክማል። ቀሪው ሲሰበር ቀጭ እስኪል ፀሐይ ላይ ይሰንብት።

ባለ 200 ሊትር በርሜል ላዩን ከፍታችሁ ክዳን አብጁለት፣ ቂጡን አምስት ስድስት ቦታ ብሱት፣ ሦስት ድንጋይ ላይ አስቀምጡት። ነዳጅ የነበረበት ከሆነ በደንብ ሳይታጠብ አይቆረጥ፤ የቀረው ትነት ይፈነዳል። መሃል ላይ አጣና አቁማችሁ ዙሪያውን ገራባ ሙሉና አጣናውን ንቀሉት፤ ክፍተቱ ለጭሱ መውጫ ይሆናል። ገለፈት ብቻውን ስለሚታፈን ከገራባ ጋር ደባልቁት። ከሥር ለኩሱ።

አሁን ስልካችሁን አስቀምጡ። ከሰል የምታገኙት ወይም አመድ የምታፍሱት ከዚህ በኋላ ባለው ሰዓት ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራም ነጭ ጭስ አብዛኛው የእንጨቱ እርጥበት ነው፣ ይውጣ። ቀጥሎ ጭሱ ይከብዳል፣ ቢጫ ቢጫ ይላል፣ ዓይን ይለበልባል። ይህ ጋዝ ስለሆነ ከላይ በክብሪት ብትለኩሱት ይነድዳል፤ ጎረቤትም በጭስ አይማረርም። ከዚያ ጭሱ ይሳሳል፣ ሰማያዊ ይመስላል። እንግዲህ መቃጠል የጀመረው ከሰሉ ራሱ ነውና አትዘግዩ! አንድ ሻይ ልጠጣ ብላችሁ ብትሄዱ ተመልሳችሁ የምታገኙት ነጭ ዱቄት ነው። ችኩሉም ግን አይጠቀምም፤ ቢጫው ጭስ ሳያልቅ የከደነ ሰው መሃሉ ቡናማ የሆነ እንጨት ያወጣል፣ እሱም ገዢው ቤት ገብቶ ይጨሳል።

ሰማያዊው እንደታየ ክደኑ። ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ ሁለት ሆናችሁ በርሜሉን ከድንጋዩ አውርዱና መሬት ላይ አስቀምጡት፤ የክዳኑን ጠርዝና የሥሩን ዙሪያ ድፈኑ። ብዙ ሰው በጭቃ ይመርጋል፤ ጭቃ ግን በሙቀቱ ደርቆ ይሰነጠቅና በዚያች ስንጥቅ አየር ይገባል። እኔ ርጥብ አሸዋ እመርጣለሁ፣ ሲደርቅ ራሱ እየፈሰሰ ክፍተቱን ይሞላል። በርሜሉን ዞር ዞር እያላችሁ እዩት፤ ክር የምታክል ጭስ ካያችሁ እዚያው ላይ አሸዋ ጨምሩ።

ከዚያ እስከ ማግስቱ አትንኩት። ላዩ ቀዝቅዞ ሥሩ ፍም ሊሆን ስለሚችል በርሜሉን ከታች በኩል ዳስሱ። ከተከፈተ በኋላም ሜዳ ላይ በስሱ አስጡት እንጂ ቀጥታ ማዳበሪያ ውስጥ አትክተቱ። የተደበቀች ፍም ሌሊት ማዳበሪያውን ታያይዘዋለች፣ ከዚያም መጋዘኑን። ከ4 ኪሎ ደረቅ ገራባ 1 ኪሎ ገደማ ከሰል ከወጣላችሁ ጥሩ ሠርታችኋል።

የቀረው ቀላል ነው፦ ቡናማውን ለይታችሁ ለሚቀጥለው በርሜል አቆዩ፣ ጥቁሩን ውቀጡና ንፉ። ማጣበቂያው ለ100 ኪሎ የከሰል ዱቄት ከ5 እስከ 8 ኪሎ የእህል ዱቄት ሲሆን፣ እንደ አጥሚት ቀጥኖ ይበስልና ይለወስበታል። የሚበላ ዱቄት አታባክኑ፤ የወፍጮ ቤት ጥራጊ በርካሽ ይገኛል፣ አሸዋ ስላለበት ብቻ ትንሽ ጨመር አድርጉ። ሸክላ አፈር የሚቀላቅሉም አሉ። ያጣብቃል፣ ግን አይነድድም፤ ምድጃውን አመድ በአመድ ስለሚያደርገው እኔ አልወደውም። በእጃችሁ ጨብጡት፦ ከፈረሰ ማጣበቂያ፣ በጣት መሃል ውሃ ከወጣ ዱቄት ይጎድለዋል።

ለመጀመር ማሽን አትግዙ፤ የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭና የሚገጥመው ዱላ ይበቃል። ጠቅጥቃችሁ ካወጣችሁት በኋላ የመጀመሪያውን ቀን ጥላ ውስጥ አቆዩት፣ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ሦስት አራት ቀን ፀሐይ ይምታው።

ሽያጩን በኪሎ አድርጉት። ከእንጨት ከሰል ዘግይቶ እንደሚቀጣጠል ለገዢው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ከያዘ በኋላ ረጋ ብሎ ይነድዳል፣ ለቡና ይመቻል። ጭስ የለውም ብላችሁ ግን አታሞኙት። ይህም እንደማንኛውም ከሰል ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ በር ዘግቶ አጠገቡ የተኛ ሰው ላይነቃ ይችላል። እባካችሁ ይህን በየከረጢቱ ላይ በጉልህ ጽፋችሁ ሽጡ።