«አልትራሳውንዱ ንጹህ ነው» ተባልኩ፤ ታዲያ ለምን ያመኛል?

ዛሬ ስለ ኢንዶሜትሪዮሲስ እናወራለን።

በቅርቡ አንዲት የ24 ዓመት ወጣት ከእናቷ ጋር መጣች። የወር አበባዋ ሲመጣ ሁለት ሦስት ቀን ከአልጋ አትነሳም። «ኢንፌክሽን ነው» እየተባለች ደጋግማ አንቲባዮቲክ ወስዳለች። አልትራሳውንዷ ምንም አያሳይም። እናቷ «እኔም እንዲህ ያደርገኝ ነበር፤ ስትወልድ ይተዋታል» አሉኝ። ልጅቷ ግን «ዶክተር፣ ምንም ከሌለብኝ ለምንድን ነው የሚያመኝ?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ትክክል ነው።

📌 ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ኢንዶሜትሪዮሲስ ማለት የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጪ፣ ለምሳሌ እንቁልጢ ወይም የሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ሲበቅል ነው። በወር አበባ ጊዜ ጥቂት ደም በማህፀን ቱቦ በኩል ወደ ሆድ መመለሱ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ያጋጥማል። አብዛኛውን ጊዜ ማክሮፌጅ የሚባሉ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ጠርገው ያጸዱታል።

ኢንዶሜትሪዮሲስ ባለባት ሴት ግን ማክሮፌጆቹ በብዛት ቢመጡም በደንብ አያጸዱም። ይልቁንም ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ኬሚካሎችን ይለቃሉ። ቦታው ይቆጣል፤ አዲስ የደም ሥርና ነርቭ ይበቅልበታል። ዘበኛው ሌባውን መቀለብ ጀመረ እንደማለት ነው!

በዚህ ላይ ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ኬሚካል ህመሙን ያባብሳል፤ እዚያው ቦታ ላይም ኢስትሮጅን እንዲመረት ያደርጋል። ኢስትሮጅኑ ደግሞ መልሶ ፕሮስታግላንዲን ያስጨምራል። ዙሩ እንዲህ ይቀጥላል።

📌 ስለዚህ ምን እንወቅ?

👉 የህመሙና የቁስሉ መጠን ላይገናኝ ይችላል። ትንንሽ ቁስል አልትራሳውንድ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ህመሙ ግን እውነት ነው።

👉 መቆጣት ሁሉ ኢንፌክሽን አይደለም። አንቲባዮቲክ ኢንዶሜትሪዮሲስን አያድንም።

👉 «ኢሚዩኒቲ ይጨምራል» እየተባለ በሚሸጥ ነገር ገንዘባችሁን አትጨርሱ። ችግሩ መከላከያው መድከሙ ብቻ ሳይሆን አቅጣጫ መሳቱ ነው።

👉 እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ፕሮስታግላንዲንን ይቀንሳሉ። ህመሙ ሳይጠና፣ ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ይሻላል። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም አስም ያለባችሁ፣ እርጉዝም የሆናችሁ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ።

👉 የሆርሞን መድኃኒቶች ዙሩን ያቀዘቅዛሉ። ያላገባች ልጅም መውሰድ ትችላለች፤ መካን አያደርጉም። ለአንዳንዶች ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል።

📌 ሐኪም ጋ መቼ ልሂድ?

ህመሙ ከሥራ ወይም ከትምህርት ካስቀራችሁ፣ በግንኙነት ጊዜ ወይም በወር አበባ ሰሞን ሽንት ቤት ስትቀመጡ ካመማችሁ፣ ወይም አንድ ዓመት ሞክራችሁ ካላረገዛችሁ አትቆዩ።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ 10 ሴቶች 1ዷ ገደማ ይህ ችግር አለባት።

ሁሉንም ካስረዳኋቸው በኋላ እናትየው ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲህ እኔንም ያሠቃየኝ ይሄ ይሆን?» አሉኝ። ሊሆን ይችላል፣ እማማ።

ለእናቶቻችሁና ለእህቶቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።