ጨጓራዬን ላስቆርጠው?

ይድረስ ለእትዬ፣

የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የሦስት ልጆች እናት። ቡታጅራ ገበያ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ባለቤቴ መርካቶ ስለሚነግድ ቤት የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴ 86 ኪሎ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ሦስተኛዋን ሳረግዝ ስኳር አለብሽ ተብዬ ነበር፤ ስወልድ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የሦስት ወሩን መርፌ እወጋለሁ። ባለፈው መስቀል ዘመዶቹ ከአዲስ አበባ መጥተው በሰው ፊት ሲስቁብኝ ባሌም አብሮ ሳቀ። «እንደ ድሮሽ ብትሆኚ ምናለ» ይለኛል። ዱባይ የምትኖር ጓደኛዬ ኢስታንቡል ሄዳ ጨጓራዋን አስቆርጣ ሸንቃጣ ሆናለች። እሷን የላካት ደላላ ደውሎልኛል፤ ግማሹን ክፍያ አስቀድሜ ከላክሁለት በሁለት ሳምንት ውስጥ አስጨርስልሻለሁ ይላል። ኦፕራሲዮን ከፈራሽ ጨጓራ ላይ የሚወጋ መርፌም አለ ብሎኛል። እቁቤ ወጥቶልኛል። ለባሌ አልነገርኩትም። ምን ይመክሩኛል?

ጨንቆኛል፣ ከቡታጅራ

እህቴ፣ እቁቡን ለደላላው አትላኪው። ይህን የምልሽ ኦፕራሲዮኑን ስለምንቅ አይደለም። ውፍረታቸው ስኳርና ግፊት አምጥቶባቸው፣ ሌሊት ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ሲሰቃዩ የኖሩ ሰዎችን ያዳነ ሕክምና ነው። ግን መስፈርት አለው። ኪሎሽን ለቁመትሽ በሜትር ሁለት ጊዜ አካፍይው፤ ያንቺ 33 ገደማ ይመጣል። የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበራት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ ሕክምናው የሚመከረው 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ነው። ከ30 እስከ 35 ላለ ሰው የሚታሰበው እንደ ስኳር ያለ ሕመም ሲኖርበት ነው። ስለዚህ ያንቺ ጉዳይ የተንጠለጠለው በስኳርሽ ላይ ነው። ደላላው ስለ ስኳርሽ ጠይቆሻል? ቁመትሽንስ?

ጓደኛሽ ያሠራችው «ስሊቭ» የሚባለው ከሆነ፣ ከጨጓራ አምስት እጅ አራቱ ገደማ ተቆርጦ ይጣላል፤ ሙዝ የሚያህል ቱቦ ይቀራል። የተቆረጠው ተመልሶ አይቀጠልም። ረሃብ የሚቀሰቅሰው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚጣለው ክፍል ስለሆነ፣ መጀመሪያ ላይ ምግብ ያስጠላል፣ ኪሎውም ይወርዳል። ፎቶ የሚነሡት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጓደኛሽ ወይ አላወራችሽም፣ ወይ ገና አልደረሰችበትም። የብዙዎች ፀጉር ይሳሳል። ቫይታሚንና አይረን ዕድሜ ልክ ይዋጣል። ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ማርገዝ አይመከርም። ከዓመታት በኋላ የወረደው ኪሎ በከፊል የሚመለስባቸውም ጥቂት አይደሉም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ገበታሽ ነው። ጨጓራው ከተቆረጠ በኋላ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ያውም በትንሽ በትንሹ እየተጎረሰ። ቆጮ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል። ደግሞ ለመስቀል አማትሽ ቤት ገብተሽ፣ ክትፎው በጣባ ቀርቦ፣ አይቡና ጎመኑ ተደርድሮ፣ «በሞቴ» እየተባለ ጉርሻ ሲመጣ፣ ከሁለተኛው በኋላ ቦታ የለሽም። ሦስተኛውን በይሉኝታ ከዋጥሽው ታስመልሺዋለሽ። ለባልሽ ሳትነግሪ ይህን በምን ልትሸፍኚው ነው?

የተሰፋው ቦታ ማፍሰስ የሚባል ነገርም አለ። የሚደርሰው ከመቶ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ላይ ነው፤ አንዳንዴ ግን የሚታወቀው ከሆስፒታል ከተወጣ በኋላ፣ ትኩሳት ሲነሣና ልብ በፍጥነት ሲመታ ነው። አንቺ ያኔ ቡታጅራ ነሽ። ሐኪምሽ ኢስታንቡል ነው። ደላላው ስልኩን ዘግቷል።

ጨጓራ ላይ የሚወጋው መርፌማ ጭራሽ አይነሣ። በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ለመቅጠን ቱርክ ሄደው ጨጓራቸውን ቦቶክስ የተወጉ በርካታ አውሮፓውያን፣ ቦቱሊዝም የሚባል ጡንቻን የሚያሽመደምድ መመረዝ ደርሶባቸዋል፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡም ነበሩ።

የሚደንቀኝ የጥድፊያው ነገር ነው። ለእናቶቻችን «ወፈርሽ፣ ተስማማሽ» ምርቃት ነበር፤ የከሳችዋ ነበረች «ምን አገኘሽ?» ተብላ የምትጠየቀው። ሦስት ጊዜ አራስ ስትሆኚ የቡላ ገንፎ ቅቤ አስጠጥተው ያበሉሽ ዘመዶች ናቸው ዛሬ የሚስቁብሽ። እነሱ ዓይናቸውን ለመለወጥ አንድ ትውልድ ወሰደባቸው፤ ላንቺ የተሰጠሽ ሁለት ሳምንት ነው። በቅርቡ ከወልቂጤ የጻፈችልኝ ሙሽራም ለሠርጓ ስትል «የማቅጠኛ ሻይ» ስትጠጣ ከርማ ራሷን ስታ ወድቃለች። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሻዮች ሰናመኪ አለባቸው፤ ያስቀምጣል፣ ውኃሽን ይወስዳል፣ ስብሽን አይነካም።

አሁን ወደ ሥራው። አንድ ማለዳ ቁርስ ሳትቀምሺ ሆስፒታል ሄደሽ ስኳርሽን ተለኪ። በእርግዝና ስኳር የታየባት ሴት፣ ጠፋ ብትባልም፣ ቆይቶ የመመለሱ ዕድል ሰፊ ነው። ውጤቱ 126 ወይም በላይ ሆኖ በድጋሚም እንደዚያው ከሆነ የስኳር ሕመም ነው። ያኔ ስለ ኦፕራሲዮኑ ከውስጥ ደዌ ሐኪም ጋር ተነጋገሪ፤ እኔም ሐሳቤን እለውጣለሁ። የሚሠራሽ ግን በኋላም የሚከታተልሽ ሐኪም ይሁን።

የሦስት ወሩ መርፌ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ኪሎ እንደሚጨምር የታወቀ ነው። የጤና ጣቢያዋን ነርስ ስለ ሉፕ ወይም ስለ ሌላ አማራጭ ጠይቂያት፤ ምትክ ሳትይዢ ግን አታቋርጪው። ከክብደትሽ ከመቶ አምስት እስከ አሥር እጁን፣ ማለትም ከ4 እስከ 9 ኪሎ፣ ብትቀንሺ እንኳ ስኳርም ግፊትም ይሻሻላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ከ100 ካሎሪ በላይ አለው፤ ሱቅ ቁጭ ብለሽ የምትጠጪውን ባለ ሦስት ማንኪያ ስኳር ማኪያቶም አስቢው። ወደ ሱቅ በባጃጅ የምትሄጂ ከሆነ በእግርሽ ሂጂ።

ባልሽን በተመለከተ፣ በደብዳቤሽ ውስጥ የሱን ኪሎ ፈልጌ አጣሁት። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል የመርካቶ ነጋዴ ቦርጭ የለውም ብትዪኝ አላምንሽም። ቅዳሜ ልጆቹ ሲተኙ «በሰው ፊት አብረህ ስትስቅብኝ ከፋኝ» በይው፤ ሌላ አትጨምሪበት። ስኳርሽን ልትለኪ ስትሄጂ እሱም አብሮሽ ሄዶ ይለካ።

እቁቡን ባንክ አስገቢው፤ የደላላውን ስልክ አታንሺ። ውጤትሽን ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።