ለደም ካንሰር ታማሚዎች የሚደረግ የማኅበረሰብ ድጋፍ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ

የደም ካንሰር ምንነት

የደም ሕዋሳት የሚመረቱት በአጥንት ውስጥ በሚገኘው መቅኔ ነው። የደም ካንሰር የሚባለው የደም ሕዋሳት ከሥርዓት ውጭ እየተባዙ የጤነኞቹን ቦታ ሲይዙ የሚከሰተው ሕመም ነው። ዋና ዋና ዓይነቶቹ ሉኪሚያ (በመቅኔ የሚጀምር፣ በአብዛኛው የነጭ ደም ሕዋሳት ካንሰር)፣ ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) እና ማየሎማ (በሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮችን የሚያመርቱ ሕዋሳት ካንሰር) ናቸው።

ጤነኛ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲያንሱ ድካምና የፊት መገርጣት ይመጣል። ጤነኛ ነጭ ሕዋሳት ሲያንሱ ትኩሳት ይመላለሳል። ፕላትሌት (ደምን የሚያረጋው ክፍል) ሲያንስ ደግሞ ድድና አፍንጫ ይደማል። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ ታማሚን ማግለል ምንም መሠረት የለውም።

ሕመሙ ዘግይቶ የሚታወቅበት ምክንያት

በጣና ሐይቅ ዙሪያ ትኩሳት ሲነሳ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ትኩሳት፣ የደም ማነስና የጣፊያ ማበጥ ግን የወባም፣ የካላዛርም (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ሕመም)፣ የሉኪሚያም ምልክቶች ናቸው። በ1997 ዓ.ም. ከሐይቁ በስተምሥራቅ በሊቦ ከምከምና በፎገራ የተነሳው የካላዛር ወረርሽኝ እንኳ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር።

በመሆኑም የግንዛቤ ትምህርት ዋና መልእክት አጭር ነው፦ የወባ ሕክምና ተወስዶም ትኩሳቱ ከተመለሰ፣ በተለይ መገርጣት ወይም መድማት ካለበት፣ ሙሉ የደም ቆጠራ ያስፈልጋል። በመስታወት ላይ የተቀባች አንዲት የደም ጠብታ በማይክሮስኮፕ ስትመረመር የወባ ተሐዋሲን ብቻ ሳይሆን ያልበሰሉ ነጭ ሕዋሳትንም ልታሳይ ትችላለች። የሉኪሚያን ዓይነት ለይቶ ለማረጋገጥ ብዙ ጊዜ ከመቅኔ ናሙና ይወሰዳል። ይህ መልእክት በዘጌ፣ በሐይቁ ደሴቶችና በገበያ ቀን ሲነገር ታማሚው ጊዜ ሳያባክን በባሕር ዳር ወዳሉት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል እንዲደርስ ይረዳል።

የደም ልገሳ ድርሻ

ኬሞቴራፒ (የካንሰር ሕዋሳትን የሚያጠፋ መድኃኒት) ጤነኛውን መቅኔም ለጊዜው ያዳክማል። ታማሚው ይህን ወቅት የሚያልፈው ብዙ ጊዜ በተለገሰ ደም ነው።

ቀይ የደም ሕዋሳት በማቀዝቀዣ ከአንድ ወር በላይ ይቆያሉ። ፕላትሌት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ቀን በላይ አይቆይም። በዓመት አንድ ቀን የሚደረግ ታላቅ ዘመቻ ብቻውን የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው፤ በየ3 ወሩ ተራቸውን ጠብቀው የሚለግሱ ሰዎች ያስፈልጋሉ።

የሚሰበሰበው ገንዘብ የሚውልበት

መድኃኒት በነፃ ሲገኝም ወጪው አያበቃም። ክሮኒክ ማየሎይድ ሉኪሚያ (ቀስ ብሎ የሚያድግ የሉኪሚያ ዓይነት) ያለባቸው ታማሚዎች በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ኢማቲኒብ የተባለውን እንክብል በዓለም አቀፍ የድጋፍ ፕሮግራም በነፃ ሲያገኙ ቆይተዋል። ከባሕር ዳር ለሚመጣ ታማሚ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መንገድ፣ ማደሪያው፣ የአስታማሚው ቀለብና የተቋረጠው ሥራ ይቀራሉ። በሉኪሚያ ላረፈ ሕፃን መታሰቢያ በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያና ምግብ የሚያቀርበው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የሉኪሚያ ዓይነት ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይወስዳል፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ስለሆነም አንድ ጊዜ ከሚሰበሰብ ብዙ ብር ይልቅ በየወሩ የሚገባ መጠነኛ መዋጮ ይበልጥ ይጠቅማል። ወርኃዊ መዋጮ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ያለው እድር ለዚህ የተመቸ ነው፤ ለቀብር ከሚይዘው ገንዘብ ጥቂቱን ለሕክምና ጉዞ መመደብ ይችላል።

መዋጮው እንዳይቋረጥ የሚያደርገው እምነት ነው። እምነቱም የሚጸናው የሆስፒታል ማስረጃ ሲቀርብ፣ ገንዘቡ በጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ሲቀመጥ፣ ወጪው በደረሰኝ ሲወራረድና የታማሚው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ሳይሰራጭ ሲቀር ነው።