ሰው ወድቆ ሁሉም ቆሞ ሲያይ

በቴፒ ገበያ ቀን አንድ ሰው ድንገት ወድቆ ቢንፈራገጥ ወዲያው ክብ ይሠራል። አንዱ «ሰክሮ ነው» ይላል። ሌላው «አይ፣ የሚጥል በሽታ ነው፣ አትንኩት፣ ይተላለፋል» ይላል። ሦስተኛው ክብሪት ጭሮ ወደ አፍንጫው ያስጠጋል። ብዙው ግን ዝም ብሎ ያያል። በቡና ለቀማ ወራት ከሩቅ የሚመጡ ለቃሚዎች ስለሚበዙ፣ የወደቀው ሰው ስሙን የሚጠራለት ዘመድ እንኳ በአካባቢው ላይኖረው ይችላል። ለቀብር ሰፈሩ ሁሉ የሚወጣ፣ በዕድርና በደቦ የሚረዳዳ ሕዝብ የማያውቀውን ሰው ከመሬት ለማንሳት ለምን ያመነታል? ውድ አንባብያን፣ ጉዳዩን እኛ እጩ መምህራን በሥነ ልቦና ትምህርት ዓይን ልንመረምረው ወደናል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 በኒው ዮርክ ከተማ ኪቲ ጄኖቪዝ የተባለች ወጣት በሌሊት በቤቷ አቅራቢያ በስለት ተወግታ ተገደለች። ኒው ዮርክ ታይምስ 38 ሰዎች እያዩ አልረዷትም ብሎ ጻፈ። ይህ ቁጥር የተጋነነ መሆኑ ከጊዜ በኋላ ተረጋግጧል፤ እንዲያውም አንዲት ጎረቤቷ ወርዳ አቅፋት ነበር። ቢሆንም ወሬው ሁለት ምሁራንን፣ ቢብ ላታኔንና ጆን ዳርሊን፣ ለምርምር አነሳሳ።

እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን በየክፍላቸው ለብቻ አስቀምጠው በድምፅ ማጉያ አነጋገሯቸው። በመካከሉ አንደኛው ተነጋጋሪ በሚጥል በሽታ የተያዘ መሰለ። ድምፁን የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካመኑት ውስጥ 85 ከመቶው ሕመሙ ሳያበቃ ወጥተው ተናገሩ። ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብለው ካመኑት ግን የተናገሩት 31 ከመቶው ብቻ ናቸው። ያልወጡትም ቢሆኑ ግድ የለሾች አልነበሩም፤ የብዙዎቹ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚህ የምንረዳው የጠፋው ርኅራኄ ሳይሆን ውሳኔ መሆኑን ነው።

ምክንያቶቹን በሦስት ከፍለን እንያቸው።

ሀ) ኃላፊነት ይከፋፈላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሎሚ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ይደርሰዋል። የወደቀን ሰው ማንሳት ግን ሲከፋፈል «ሌላው ያነሳዋል» እየተባለ ሁሉም ባዶ እጁን ይቀራል።

ለ) አንዱ የሌላውን ፊት ያያል። እነዚሁ ምሁራን ሰው በተቀመጠበት ክፍል ጢስ አስገቡ። ብቻቸውን ከነበሩት 75 ከመቶው ወጥተው ሲናገሩ፣ ዝም በሉ ከተባሉ ሁለት ሰዎች ጋር ከተቀመጡት የተናገሩት 10 ከመቶው ብቻ ናቸው። ሁሉም ዝም ሲል ነገሩ ቀላል ይመስላል።

ሐ) ፍርሃት አለ። «አንተ ነህ የገጨኸው ቢሉኝስ? ምስክር ሁን ብለው ቢያመላልሱኝስ? የሕክምናውን ክፈል ብባልስ?» የማይል ጥቂት ነው።

ከአገራችን ውጭም የደረሰብን አለ። በየካቲት 2004 ዓ.ም. ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ አንዲት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ እየታገለች በግድ ወደ መኪና ስትጎተት በአካባቢው የነበረ ሰው በካሜራ ቀረጸው። ቆይቶም ፊልሙ በቴሌቪዥን ታየ። ከጥቂት ቀናት በኋላም ልጅቱ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። ፊልሙ በደሏን ለዓለም ማሰማቱ አይካድም። ሆኖም የቀረጸው መሣሪያ በዚያች ሰዓት እጇን ይዞ ሊያስቀራት አልቻለም። ዛሬ አደጋ ሲደርስ ሁሉም ስልኩን በሚያወጣበት ጊዜ ይህ ሊታሰብበት ይገባል። ስልኩ መጀመሪያ እርዳታ ይጥራበት!

ሕጉም ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575፣ በራሱም ሆነ በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳያስከትል ሊረዳ እየቻለ፣ ሕይወቱ ወይም ጤናው በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሆነ ብሎ ያለ እርዳታ የተወ እንደሚቀጣ ይደነግጋል።

ታዲያ ብዙ ሰው መሰብሰቡ ራሱ ክፉ ነው ማለት ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት በአምስተርዳም፣ በላንካስተርና በኬፕ ታውን የመንገድ ካሜራዎች የቀረጿቸውን 219 ጠቦች መርምሮ ነበር። ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ሰው ገብቶ ረድቷል። ሰው በበዛ ቁጥርም አንድ ረጂ የመገኘቱ ዕድል ይጨምራል። ስለዚህ ትልቁ ቁም ነገር የመጀመሪያው ሰው መገኘቱ ነው።

የመጀመሪያው ሰው «ኧረ ሰው እርዱ!» ብሎ ለሁሉም ቢጮህ ለማንም እንዳልተናገረ ይቆጠራል። ለይቶ ይዘዝ፦ «አንተ ቀይ ሹራብ የለበስከው፣ ባጃጅ ጥራ! አንቺ እኅቴ፣ ሰዉን ገለል አድርጊልን!» ስም የተጠራለት ሥራ ባለቤት ያገኛል።

የሚጥል በሽታ ከሆነ ደግሞ እንዲህ ይደረጋል። በአካባቢው ያለ ድንጋይ፣ ስለትና እሳት ይራቅ። ከራሱ ሥር ነጠላ ወይም ኮት ይነጠፍ። በጎኑ ይተኛ። በግድ አይያዝ፤ አፉ ውስጥም ምንም አይጨመር። መንፈራገጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ከተደጋገመ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የክብሪቱ ጭስ አይጠቅምም። በሽታው በምራቅም ሆነ በመንካት አይተላለፍም።

ይህ ለእኛ ለእጩ መምህራን ከማንም ይበልጥ ይመለከተናል። ነገ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብ፣ ስልሳ ልጆች በታጨቁበት ክፍል አንዱ ሕፃን ወድቆ ይንፈራገጥ ይሆናል። በዚያች ደቂቃ ሃምሳ ዘጠኙ የሚያዩት የመምህሩን ፊት ነው። መምህሩ ወደ በሩ ካፈገፈገ ልጆቹም ይሸሻሉ፤ በማግስቱ ከዚያ ልጅ ጋር የሚቀመጥ ይጠፋል፤ ልጁም አፍሮ ትምህርቱን ሊተው ይችላል። መምህሩ ተንበርክኮ ራሱን ከደገፈለት ግን ሃምሳ ዘጠኝ ልጆች የወደቀ ሰው እንዴት እንደሚነሳ ተማሩ ማለት ነው። ይህ ትምህርት ጥቁር ሰሌዳ አይጠይቅም።