ወደ ተራራ ስንወጣ ስለ እሳትና ስለ ነፋስ



በሮቫ ዳሌት ቤት ለቤት ስንዞር ብዙዎች የደን እሳት የበጋ ሙቀት ጣጣ ብቻ እንደሆነ ይነግሩናል። እኛ ግን ይበልጥ የምንሰጋው በፀደይ ሻራቭ ሲነሳና በመጸው የመጀመሪያው ዝናብ ሲዘገይ ነው። ያን ጊዜ ከምሥራቅ፣ ከበረሃ የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ሣሩንና የጥዱን ቅጠል ያደርቀዋል። ከዚያ በኋላ አንዲት ፍም ትበቃለች።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 2010፣ በሐኑካ ሰሞን፣ የቀርሜሎስ ደን ተቃጥሎ 44 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ የዳሞን ወህኒ ቤት እስረኞችን ለማስወጣት በአውቶቡስ ሲሄዱ እሳት መንገድ የዘጋባቸው ናቸው። ፖሊስ በወቅቱ መነሻው የናርጊላ ፍም ነው ብሎ ነበር። ኤፕሪል 30 ቀን 2025 ደግሞ በኢየሩሳሌም ተራሮች በተነሳው እሳት ቁጥር 1 መንገድ ተዘግቶ ሰዎች መኪናቸውን ጥለው ሸሹ።

በስሜን ያደጋችሁ አባቶችና እናቶች ይህን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። የስሜን ተራሮች ፓርክ በ2019 ሲቃጠል ከእስራኤልም እሳት አጥፊዎች ለእርዳታ ሄደው ነበር። እሳት ዳገት ሲወጣ ይፈጥናል፤ ነበልባሉ ከበላዩ ያለውን ሣር አስቀድሞ እያሞቀ ያደርቀዋልና። ስለዚህ ከእሳት ስትሸሹ ሽቅብ አትውጡ። ወደ ጎንና ወደ ታች፣ ነፋሱ ጭሱን ከሚወስድበት አቅጣጫ ርቃችሁ፣ ሣር ወደሌለበት ቦታ ሂዱ። መጀመሪያ ሽሹ፣ ከዚያ ወደ 102 ደውሉ።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ። ሽርሽር ያለ ጀበና እንደማይጥም እናውቃለን፤ እኛም እንወዳለን። ነገር ግን በሻራቭ ቀን ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙ። በሌላ ቀንም ከሰል የሚቀጣጠለው በተፈቀደው ቦታ ብቻ ነው። ሲጨርሱ ብዙ ውኃ ማፍሰስ፣ በእንጨት ማማሰል፣ እንደገና ማፍሰስ። ፍም በአሸዋ መቅበር ማጥፋት አይደለም፤ ለሰዓታት ይግላል፣ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅም ይረግጠዋል። ልጅ ከተቃጠለ ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ አፍስሱበትና ሐኪም ይየው።

መኪና በደረቅ ሣር ላይ አታቁሙ፤ የጋለው የጭስ ማውጫ ሣር ያቀጣጥላል። ጭስ ካገኛችሁ መስኮት ዝጉ፣ ማቀዝቀዣውን የውስጡን አየር ብቻ እንዲያዞር አድርጉ። አስም ያለበት ልጅ መድኃኒቱ በእናቱ ቦርሳ ይሁን እንጂ በአውቶቡሱ ሆድ ውስጥ አይቀመጥ።

ሽማግሌዎች ደግሞ «ሽንት ቤት አይገኝም» ብለው በጉዞ ላይ ውኃ አይጠጡም። ለደም ግፊት ሽንት የሚያበዛ ክኒን ለሚወስድ ሰው ይህ በሻራቭ ቀን አደገኛ ነው፤ ያዞራል፣ ይጥላል። ስግድም በዚሁ ወቅት ይውላልና፣ የታመማችሁ ስለ ጾሙና ስለ ክኒኑ ቀደም ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አንድ ነገር ቀረ። ዕብራይስጥ የማይናገሩ አያት ብቻቸውን ቢቀሩ ለ102 የት እንዳሉ እንዴት ይናገራሉ? ከቤት ሳትወጡ የምትሄዱበትን ቦታ ስምና የመንገዱን ቁጥር ልጆቻችሁ በዕብራይስጥ በወረቀት ይጻፉላቸው። ወረቀቱ ኪሳቸው ውስጥ ይግባ።