ካፓሲተሮች ሲገናኙ፦ ትንሹ ለምን ቀድሞ ይቃጠላል?

ከወረታ እስከ ይፋግ በተዘረጋው ሜዳ ሩዝ ከተስፋፋ ወዲህ የመፈልፈያ ማሽን በአካባቢው ከተሞች የተለመደ ሆኗል። ትልልቆቹ ማሽኖች በስሪ ፌዝ ሞተር ሲሠሩ ለመነሻ ካፓሲተር አይሹም። በሲንግል ፌዝ መስመር የሚሠሩት ትንንሽ ሞተሮችና የውኃ ፓምፖች ግን አብዛኛውን ጊዜ ካፓሲተር ከሌላቸው ያጉረመርማሉ እንጂ አይዞሩም። እንግዲህ አንድ ሞተር 20 ማይክሮፋራድ ቢፈልግና በእጅ ያሉት 30 እና 60 ብቻ ቢሆኑ ምን ይደረጋል?

ብዙ ተማሪዎች የሬዚስተርን ደንብ በቀጥታ ወደ ካፓሲተር ይወስዳሉ። ደንቡ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ካፓሲተር ማለት ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ስስ ነገር የተለያዩ ሁለት የብረት ገጾች ናቸው። በትይዩ ሲያያዙ የገጾቹ ስፋት እንደ ተደመረ ይቆጠራል፤ ስለዚህ 30 እና 60 ተደምረው 90 ይሆናሉ። በተከታታይ ሲያያዙ ግን በመካከል የሚገናኙት ሁለት ገጾች ከቀረው ዑደት የተነጠሉ ናቸው፤ አንዱ ያጣውን ቻርጅ ሌላው ያገኘዋል እንጂ ከውጭ የሚገባ የለም። በመሆኑም በሁለቱ ካፓሲተሮች ላይ የሚጠራቀመው ቻርጅ እኩል ነው፤ የሚደመረው ቮልቴጁ ነው። 1/30 እና 1/60 ሲደመሩ 1/20 ይሆናሉ፤ ውጤቱም 20 ማይክሮፋራድ፣ ከትንሹም ያነሰ ማለት ነው።

የፈተና ጥያቄ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ሞተሩ ግን ገና አልተነሣም። ቮልቴጅ የሚገኘው ቻርጁ ለካፓሲታንሱ ሲካፈል ነውና፣ ቻርጁ እኩል በሆነበት ትንሹ ካፓሲተር የበለጠውን ቮልቴጅ ይሸከማል። በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር በካፓሲተሩ ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ ከመስመሩ 220 ቮልት ሊበልጥ ይችላል፤ ለስሌት እንዲመች 420 ነው እንበል። ባለ 60ው 140 ቮልት ሲወስድ ባለ 30ው 280 ይደርሰዋል። በእያንዳንዳቸው ላይ «250 ቮልት» የሚል ቢጻፍና ባለሙያው «ድምሩ 500 ስለሆነ ይበቃል» ብሎ ቢያያይዛቸው ትንሹ ከአቅሙ በላይ ይጫንበታል። ውስጡ ተበስቶ ሁለቱ ገጾች ከተነካኩ ደግሞ 420 ቮልቱ በሙሉ በትልቁ ላይ ያርፋል።

ሁለት ባለ 40 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች ቢገኙ ያው 20 ይገኛል፤ ለእያንዳንዳቸውም 210 ቮልት ይደርሳል። ሆኖም በካፓሲተር ላይ የሚጻፈው መጠን ከእውነተኛው ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ ቮልቴጁን ሰፋ አድርጎ መምረጥ ይገባል። ኮረንቲው ከተቋረጠ በኋላም ካፓሲተር ቻርጅ ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህ ጫፎቹን ከመንካት በፊት የእያንዳንዱን ቻርጅ ለየብቻ በሬዚስተር ማራገፍ ያስፈልጋል።